አሥረኛው ስም

«አላጥባትም» አለች ያሚና። እስከ ክንዷ ሰብስባው የነበረውን እጅጌዋን ወደ ታች መለሰችው።

ግቢውን የሞሉት ሴቶች ዞረው አዩዋት። ያሚና የሰፈሩ መታጠቢያ ቤት ባለቤት ናት። በአሮጌው ከተማ፣ በካስባ ቁልቁለት፣ ሴት ስትሞት የምታጥብም የምትገንዝም እሷው ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድሃ ሀብታም ሳትለይ፣ በታይፎይድ የሞተችውን እንኳ ሳትጸየፍ አጥባለች። በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ግን ከሆስፒታል በመጣው ሬሳ ፊት ቆማ፣ የሞቀውን ውሃ በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«ምን ማለትሽ ነው፣ እትዬ ያሚና?» አለች ባያ። የሟች ምራት ናት። ከእሷ በቀር ለሬሳው የቆመ ዘመድ የለም።

«በለበሰችው ልብስ ትቀበር። ከነደሟ። አሁን ሌላ እንዳትጠይቂኝ።»

ሰፈሩ በክብር «ላላ» የሚላቸው የባያ አማት፣ ላላ ኽዳውጅ፣ የጽዳት ሽርጣቸው እንኳ ሳይፈታ ተገንዘው ወጡ። የተገደሉት ከአንድ ቀን በፊት፣ አርብ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ሲሄዱ ነው። አንዲት መኪና አጠገባቸው ደርሳ ፍጥነቷን ቀነስ አደረገች፤ ሁለት ጥይት ተተኮሰ፤ መኪናዋ ሄደች። በዚያ ሳምንት ወደ ፈረንጆቹ ሰፈር ወለል ለማጠብ የሚወጡ ሴቶች እየተለቀሙ ይገደሉ ነበር። ሰባት ዓመት ያለፈው ጦርነት ሊያበቃ ነው፣ ፈረንሳይ አልጄሪያን ልትለቅ ነው የሚል ወሬ በየሬዲዮው ይሰማል። ይህን አንሰማም ያሉ የታጠቁ ፈረንሳውያን ሰፋሪዎች ደግሞ፣ የምንለቅ ከሆነ ባዶ አድርገን ነው ብለው ምለዋል።

ሬሳው ከወጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሐሜቱ ጀመረ።

በሦስቱ የሐዘን ቀናት በሟች ቤት እሳት አይነድም፤ ኩስኩሱንም ቡናውንም የሚያመጣው ጎረቤት ነው። ፎቅ ላይ የምትኖረው ዙሆር የብርቱካን አበባ ውሃ ጠብ ያደረገችበትን ቡና እየቀዳች አጠገቧ ወዳለችው ሴት ዘንበል አለች። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል።

«አየሽ አይደል? አጣቢዋ እንኳን ተጸየፈቻት።»

«ተይ እባክሽ፤ ሙት ናቸው።»

«ትቻለሁ፤ አላህ ይማራት። ግን አምስት ዓመት ሙሉ የእነዚያን ወታደሮች ወለል ስትፈገፍግ! ያውም የት? ኮረብታው ላይ ባለው ነጭ ቤት! ሰው ገብቶ በማይወጣበት! የገዛ ልጇን የወሰዱባት እነሱ አይደሉ እንዴ? እኔ ብሆን እጄን እቆርጠው ነበር እንጂ መጥረጊያቸውን አልጨብጥም።»

ባያ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። አልተቆጣችም። ለአምስት ዓመት እሷ ራሷ በሆዷ ስትለው የኖረችውን ነው ዙሆር የተናገረችው።

ባሏ ጣሃር መዳብ ቀጥቃጭ ነበር። ሲስቅ ሱቁ ውስጥ የተሰቀለው ሳህን ሁሉ አብሮት የሚያስተጋባ፣ ሲናደድ ደግሞ ድምፁ የሚጠፋ ሰው። ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን፣ በአንድ ቀን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ስንት ቦታ ተኩስ ተከፈተ ሲባል፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች «ጥቂት ሽፍቶች ናቸው፤ ሳምንት አይቆዩም» አሉ። ጣሃር ግን ማታ እራቱን እየበላ «ሽፍታ በአንድ ሰዓት በየአገሩ ተቀጣጥሮ አይነሳም፣ ባያ» አላት። «ይሄ ሌላ ነው።»

በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ ለነጻነት የሚዋጋው ግንባር የስምንት ቀን አድማ ጠራ። የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው የአልጄሪያን ጉዳይ በሚያዩበት ሰሞን ሱቅ እንዳይከፈት፣ ትራም እንዳይነዳ፣ ወደብ ላይ ዕቃ እንዳይወርድ ተባለ። አገሬው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የፈረንሳይ አየር ወለዶች ካስባ ገቡ። የሱቆቹን በር በሰንሰለት ከጭነት መኪና ጋር እያሰሩ ይገነጥሉት ጀመር።

የጣሃር በር ተገንጥሎ ሲወድቅ እሱ ውስጥ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ሥራ!» አለው መቶ አለቃው።

«አድማ ላይ ነኝ።»

«መዶሻውን አንሳ አልኩህ!»

ጣሃር መዶሻውን አነሳና እጀታውን ወደ መኮንኑ አዞረለት። «ከቸኮለብህ አንተ ቀጥቅጥ» አለው።

ሰፈሩ ይህን እየደጋገመ አውርቶ ስቋል። ባያ የምታስታውሰው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ጩኸቱን ሰምታ ምሳውን እሳት ላይ ጥላ ስትሮጥ ደረሰች። ጣሃር ጭነት መኪናው ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ጀርባው ላይ ሁለት ጫማ ቆሞበት አያት፤ አንገቱን ቀና አድርጎ «ሽንብራው እንዳያርርብሽ!» አላት። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማችውም።

በወሩ አንድ ወረቀት መጣ። «ተመርምሮ ተለቅቋል፤ ከዚያ በኋላ ያለበት አይታወቅም» ይላል። ባያ ወረቀቱን አቅፋ ልትንሰቀሰቅ ስትል አማቷ ከእጇ ነጠቋት።

«ለቀቅነው ካሉ ለቀውታል። ተራራ ወጥቷል፣ ከታጋዮቹ ጋር ነው ማለት ነው። በዚህ ቤት የሐዘን ነጭ አይለበስም፤ ገባሽ?»

«ላላ፣ እርስዎ ይህን ያምናሉ?»

«ለበዓሉ ሒናሽን ተቀቢ። ባሏ በሕይወት ያለ ሴት እጇን ባዶ አታደርግም።»

እሳቸው ራሳቸው የሄዱበትን ስታይ ግን ባያ ማመን አቃታት። አሮጊቷ ሽርጥ ታጥቀው ነጩ ቤት ድረስ ሄደው ሥራ ጠየቁ። መኮንኑ ሳቀና ቀጠራቸው። «ልጄን ለቀቁልኝ» እያለች በየመንገዱ የምታወራ እናት ለእነሱ ጥሩ ምስክር ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማትና ምራት በአንድ ጣሪያ ስር እየኖሩ ከ«ጨው አቀብይኝ» ያለፈ ነገር ሳይነጋገሩ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን ብቻ ባያ አላስቻላትም። ካለፈው ዓመት በፊት በነበረው ታኅሣሥ ነው። ከተማው ነጻነት እያለ ገንፍሎ ወጣ። ደጃፋቸውን ተሻግረው የማያውቁ ሴቶች መሐረባቸውን እያውለበለቡ ቁልቁል ጎረፉ፤ ዙሆር አንሶላዋን ቀድዳ ባንዲራ ሰፍታ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር። ባያ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። ሕዝቡ ወደ ታች ሲወርድ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ወደ ላይ ትወጣለች፤ አማቷ ናቸው፤ ሽርጣቸውን ታጥቀዋል።

«ላላ! ዛሬ እንኳን?» አለቻቸው።

«ዛሬማ ይብሳል። ዛሬ ብዙ ሥራ ይኖራል።»

ዙሆር እግራቸው ስር ምራቋን እንትፍ አለች። አሮጊቷ ምራቁን ተራመዱት። «ዙሆር፣ ባንዲራሽን ከፍ አድርጊው እንጂ፤ መሬት እየነካብሽ ነው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እሑድ፣ በሐዘኑ በሁለተኛው ቀን፣ ወሬው ሁሉ ስለ እርቁ ሆነ። ዛሬ ይፈረማል፣ ነገ ተኩስ ይቆማል ይባላል። ሊያጽናኗት የመጡት ሴቶች የባያን ጉልበት እየዳበሱ «አይዞሽ፤ አሁንማ ተራራ ያሉት ሁሉ መውረዳቸው ነው። ጣሃርም ይመጣል። እናቱን አለማግኘቱ ነው እንጂ!» ይሏታል። ባያ «ኢንሻአላህ» ትላለች። ለማንም አልነገረችም እንጂ ሰውየው ሲመጣ የሚተኛበትን የሱፍ ፍራሽ በዚያው ሳምንት ፈትታ፣ ሱፉን ነድፋ፣ እንደገና ሰፍታዋለች።

እኩለ ቀን ገደማ አንዲት ረጅም ሴት ወደ ግቢው ገባች። የነጭ ኩታዋ ጫፍ በጭቃ ተነክሯል። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከበልኩር ሰፈር ነው የመጣችው፤ በየማዕዘኑ በሚተኮስበት ከተማ መሃል፣ በእግሯ።

«የሐዘኑ ባለቤት የቷ ናት?» አለች። ባያን ሲያሳዩዋት ተንበርክካ ትከሻዋን ሳመቻት። «ውሪዳ እባላለሁ። የትራም ነጂው የዓማር ሚስት ነኝ።»

«አላወቅሁሽም፣ እህቴ።»

«ከየት ታውቂኛለሽ? እኔም እሳቸውን ያየኋቸው አንድ ቀን ነው። ባሌ ከተወሰደ አራተኛ ወሩ ነበር። በየእስር ቤቱ ዞሬ ‹እኛ ጋ የለም› ተብያለሁ። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት በሬን አንኳኩተው፣ ሳይቀመጡ፣ ‹ዓማር የሳዕዲያ ልጅ ነጩ ቤት ምድር ቤት ነው፤ በሕይወት አለ፤ ሴት ከወለደች በእናቴ ስም ትጥራት ብሏል› አሉኝ። ውሃ ልስጥዎት ብላቸው እንቢ ብለው ሄዱ።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «በማግስቱ ጠበቃ ይዤ ሄድኩ። ‹የለም› ሲሉኝ ‹አለ! ምድር ቤት ነው ያለው!› ብዬ ጮህኩ። ያለበት ከታወቀ በኋላ ሊያጠፉት አልቻሉም፤ ወደ እስር ቤት አወጡት። ዛሬም አለ። ልጄ ሳዕዲያ አራት ዓመት አልፏታል።»

ውሪዳ ገና ሳትነሳ ሌላ ሴት ገባች፤ ቀጥሎ ሁለት እኅትማማቾች፤ ቀጥሎ በምርኩዝ የምትሄድ እናት። ከየሰፈሩ ነው የመጡት፤ አንዷም የካስባ ሰው አይደለችም።

«የእኔ ልጅ መሞቱን ነው የነገሩኝ» አለች ባለ ምርኩዟ። «ቀኑን ነገሩኝ። አብሮት ማን እንደነበረ ነገሩኝ። ሌላዋ እናት ይህን እንኳ አላገኘችም።»

ዙሆር ቡናውን ይዛ በቆመችበት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ማንበብ መጻፍ አይችሉም ነበር እኮ» አለች፣ ለራሷ የምትነግር ያህል። «ያን ሁሉ ስም በምን ያዙት?»

«በጭንቅላቷ ነዋ!» አለ ከበሩ በኩል የመጣ ድምፅ። ያሚና ናት። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። «ምድር ቤቱን ስታጥብ እስረኞቹ በበሩ ስር ስማቸውን ያንሾካሹኩላታል። ከሥራ ስትወጣ እኔ ጋ ትመጣለች፤ ‹እጅሽን ዘርጊ› ትለኛለች። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየያዘች ስሞቹን ትቆጥራለች። የቻለችውን ራሷ ታደርሳለች፤ የቀረውን እኔ ለመታጠብ በሚመጡ ሴቶች በኩል እልካለሁ። አምስት ዓመት እንዲህ ስንሠራ ኖርን። መሞቷንም ትናንት በዚያው መንገድ ለየቤቱ ላክሁ። ትናንትና ለምን እንዳላጠብኳት አሁን ገባችሁ? በጦርነት የወደቀ ሰማዕት፣ ሸሂድ፣ አይታጠብም፤ ከነደሙ ነው የሚቀበር። አንቺ ግን፣ ዙሆር፣ አጣቢዋ ተጸየፈቻት አልሽ አሉ።»

ዙሆር በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ባያ ቀስ ብላ ተነሳች። ከአፏ የሚወጣውን ነገር ፈርታዋለች፤ ግን ወጣ።

«እትዬ ያሚና፣ ጣሃርስ?»

ያሚና ቀርባ ክንዷን ያዘቻት።

«ያን ሁሉ ስም ሲያመጡ የጣሃርን አላመጡም?»

«ነይ ወደ ውስጥ እንግባ።»

«እዚሁ ንገሪኝ።»

ያሚና መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። «ነጩ ቤት በገባች በሁለተኛው ሳምንት ነው። ያን ቀን አሥራ አንድ ስም ይዛ መጣች። እንደ ልማዷ ጣቶቼን እየያዘች ቆጠረች። የመጨረሻው ጣቴ ላይ ስትደርስ፣ አሥረኛው ላይ፣ ‹ጣሃር የኽዳውጅ ልጅ፣ መዳብ ቀጥቃጭ፤ በአድማው በስድስተኛው ቀን ሞተ፤ የማንንም ስም አላወጣም› አለች። ድምጿ አልተለወጠም። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ጣቴ ተመለሰችና አሥራ አንደኛውን ጠራች። ስትጨርስ ‹የዚህን ማን ለቤቱ ያድርስ?› አልኳት። ‹እሱን ለእኔ ተዪው› አለችኝ።»



«አላደረሱም» አለች ባያ። ድምጿ ከየት እንደመጣ አታውቅም። «ለሰው ቤት ሁሉ አድርሰው ለእኔ ቤት አላደረሱም! አምስት ዓመት! በር በተንኳኳ ቁጥር ጸጉሬን ሳስተካክል፣ በየበዓሉ ሒና ስቀባ፣ ነገ የሚመጣ ይመስል ፍራሹን ስሰፋለት! ምን አድርጌያቸው ነው? አብረን እናልቅስ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ለቀቅነው ብለዋል እኮ፣ ልጄ። እናቱ ብታለቅስ ‹መሞቱን ማን ነገረሽ?› ይላሉ። ከምድር ቤቱ በቀር የሚነግራት ማን አለ? ያን ቀን በበሩ ስር የሚያንሾካሹኩት ሁሉ ያልቃሉ። አንቺ ብታውቂ ደግሞ ፊትሽ ይናገራል፤ መዋሸት አትችይም። በየዓመቱ ‹ዘንድሮ እነግራታለሁ› ትለኝ ነበር። ከዚያ አዲስ እስረኛ ይመጣል፤ አንዱን ላውጣ፣ ሌላውን ላድርስ ስትል ጊዜው ይሄዳል።» ያሚና ቀና ብላ አየቻት። «ተቆጫት። ይገባሻል። እኔም ስንት ቀን ተቆጥቻታለሁ። ግን ልብ በይ፤ አንቺ አምስት ዓመት ተስፋ ነበረሽ። እሷ ያን እንኳ አልነበራትም።»

ባያ ወደ አማቷ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ሲነጋጋ ስትወጣ አይኗ አብጧል፤ ከሳጥኑ ያወጣችውን ነጭ ልብስ ለብሳለች። ውሪዳ ተነስታ፣ ራሷ ላይ የጣለችውን ነጭ ሻሽ ጫፉን አስተካከለችላት።

ሰኞ ተኩስ የሚቆመው በስድስት ሰዓት እንደሆነ በሬዲዮ ተነግሯል። ስድስት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የጫማ ኮቴ ተሰማ። አንድ ወጣት ምክትል መቶ አለቃ ከአራት ወታደርና ከአንድ አስተርጓሚ ጋር በሩ ላይ ቆመ።

«ከአሥር ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው» አለ አስተርጓሚው። «የተሰበሰቡት ሴቶች ስም ይመዝገብ ይላል።»

ባያ ደፉ ላይ ቆመች። «ሐዘን ነው።»

«የማን ሐዘን?»

«የእናቴ» አለች። ላላ ኽዳውጅን እናቴ ብላ ስትጠራቸው የመጀመሪያዋ ነው። «የባሌም ነው። ነጩ ቤት ምድር ቤት ገድላችሁት፣ ለቀቅነው ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ባሌ።»

አስተርጓሚው ወደ መኮንኑ ዞረ፤ ግን አልተረጎመም።

«ተርጉምለት እንጂ! ይህንንም ጨምርለት። ስም ትጠይቁኛላችሁ? ሰባት ዓመት ሙሉ ከየቤቱ ስም ስትወስዱ ነው የኖራችሁት። የእነዚህን ሴቶች ስም አልሰጥህም። ከእንግዲህ የሚጠየቀው እናንተ ዘንድ የቀረው ነው። የት ቀበራችኋቸው? እሱን ጽፈህ ና! አንዲት ቃል እንዳታጎድልበት!»

ሰውየው እየተንተባተበ ተረጎመ። መኮንኑ ባያን አየ፤ ከኋላዋ በአንድ ላይ ቆመው የሚያዩትን አርባ የሚሆኑ ሴቶች አየ፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቱን አየ። አንገቱን ወደ ደረጃው ወዘወዘና ወታደሮቹን አስከትሎ ወረደ።

«ሰዓቱን አየ!» አለች ባለ ምርኩዟ። «አላህን! ሰዓቱን አይቶ ሄደ!» አንዷ ሳቀች፤ ሳቁ ወዲያው ለቅሶ ሆነ።

ጥቂት ቆይቶ ከወደቡ በኩል፣ ከሩቅ፣ እልልታ ተነሳ። ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ሽቅብ መጣ፣ መጣና የእነሱ መንገድ አፋፍ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ። ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰፈሩ ያውቃል። ሴቶቹ ሁሉ ባያን አዩ።

«በሩን ልዝጋው እንዴ?» አለች ዙሆር፣ አይኗን ሳታነሳ። ከትናንት ጀምሮ ከማድቤቱ አልወጣችም ነበር።

«ለምን ይዘጋል? ወለል አድርጊው። ጣሪያ ላይም ውጪና እልል በይ።»

«እኔ? ምን አፍ አለኝና…»

«አንቺ ነሽ የምትዪው። ከባንዲራው ቀን ጀምሮ ይህን ድምፅሽን አውቀዋለሁ፤ እስከ ኮረብታው ይሰማል። ኮረብታውም ይስማ።»

ዙሆር ደረጃውን እየተደናቀፈች ወጣች። የመጀመሪያው እልልታዋ ተቆራረጠባት፤ ሁለተኛው ግን ሰፈሩን ሰነጠቀው፤ ከየጣሪያው መልስ መጣለት። ግቢው ውስጥ ያሉት ሴቶች ግማሹ እልል ይላሉ፣ ግማሹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ማንም ማንንም ዝም በይ አላለም።

ከቀትር በኋላ ዓይነ ስውሩ የቁርአን ቀሪ፣ ሲ ማህፉድ፣ ሐዘኑን በዱዓ ሊያሳርጉ መጡ። ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጠው «ዱዓው ለማን ነው፣ ልጄ?» አሉ።

«ለሁለት ሰው ነው፣ አባቴ» አለች ባያ።

«ሁለት? የሞቱት አንዲት ናቸው ያሉኝ።»

«ለሁለት ነው። አንደኛው ቆይቶብናል።»

ሁለቱንም ስም ነገረቻቸው። ሽማግሌው የእናትና የልጅን ስም አከታትለው ጠሩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቁርአኑን ለረጅም ጊዜ ቀሩ። ሴቶቹ መዳፋቸውን ዘርግተው በየማረፊያው «አሚን» ይላሉ። በመጨረሻ ሴቶቹ በአንድነት መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ፤ ልብሳቸውን እያራገፉ ተነሱ፤ አንዷ ፍንጃሎቹን መሰብሰብ፣ ሌላዋ ኩታዋን መፈለግ ያዘች።

ያሚና ባያን ልታነሳት ጎንበስ አለችና ተወቻት።

ባያ አልተነሳችም። መዳፎቿ ጉልበቷ ላይ እንደተዘረጉ አሥረኛ ጣቷን ታይ ነበር።